ትራውት ፋጉሎ ይበላል?

ኮምቦልቻ አካባቢ የዓሣ እርባታ ወሬ ሲነሳ ማሳረጊያው አንድ ጥያቄ ነው። ምን ይብላ? ኩሬ መቆፈር አያቅትም። የተደራጀ ወጣትም ሞልቷል። የዓሣ ጫጩቱም ከሰበታ ወይም ከባሕር ዳር የምርምር ማዕከላት ይጠየቃል። መኖ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ አንዱ "አብሽር፣ ፋጉሎ አለ አይደል?" ይላል። ስብሰባው ያልቃል።

ፋጉሎስ፣ ያ የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ አለ። ፉርሽካም አለ። የቢራ አተላም አለ። ከብት የሚያደልብ ሰው ሦስቱንም አሳምሮ ያውቃቸዋል። የዓሣ ሆድ ግን የበሬ ሆድ አይደለም። በሬ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ ይዞ ገለባውንም ቃጫውንም አብላልቶ ሥጋ ያደርገዋል። ዓሣ ይህ የለውም። በምግብ መራጭነታቸው ከሚታወቁት ዓሦች አንዱ ደግሞ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። እኔ ስለ ፋጉሎ ማወቅ የሚፈልግ የወሎ ዓሣ አርቢ ትራውት ላይ የተሠራውን ሥራ ቢመለከት ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ትራውት ሊያረባ ሳይሆን፣ ትራውት ያልተስማማውን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ።

ትራውት ሥጋ በል ነው። ወንዝ ውስጥ ነፍሳትና ትንንሽ ዓሣ ለቅሞ ያድጋል። ስለዚህ በእርባታ ቤት ለብዙ ዘመን የበላው ከዓሣ ዱቄትና ከዓሣ ዘይት የተሠራ መኖ ነው። ዓሣ ለማርባት ዓሣ ይጠመድ ነበር ማለት ነው። የዓለም የዓሣ ዱቄት ትልቁ ምንጭ ፔሩ ናት። የሚሠራውም አንቾቬታ ከምትባል ትንሽ ዓሣ ነው። ባሕሩ ሲሞቅ ይህች ዓሣ ትመናመናለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ፔሩ የዓመቱን የመጀመሪያ የማጥመጃ ወቅት ሰረዘች። የዓሣ ዱቄት ዋጋም ሰማይ ነካ።

የውጭዎቹ አርቢዎች ይህ ሁሌም እንደማያዛልቅ ቀድመው ስለገባቸው ፊታቸውን ወደ አኩሪ አተር፣ ወደ ስንዴ ግሉተን፣ ወደ አተርና ወደ አትክልት ዘይት አዙረዋል። የትራውት የቅርብ ዘመድ የሆነውን ሳልሞን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖርዌይ ሳልሞን መኖ 90 በመቶ ገደማው ከባሕር የመጣ ነበር። በ2013 ወደ 30 በመቶ ወርዷል። ሥጋ በሉ ዓሣ በአብዛኛው እህል በል ሆነ። በአሜሪካዋ አይዳሆ፣ ሃገርማን በሚባል ቦታ ደግሞ ተመራማሪዎች በእፅዋት መኖ ብቻ ጥሩ የሚያድጉትን ትራውቶች ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ አራብተዋል።

እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እነሱ የዓሣ ዱቄት ነበራቸው፤ መቀነስ ፈለጉ። እኛ መጀመሪያውኑ የለንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ከሆነ በኋላ ደግሞ ከውጭ አስመጣለሁ ማለት ቀልድ ነው። የእኛ መነሻ ፋጉሎውና ፉርሽካው ነው። እነሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደከሙበትን መንገድ እኛ ከመድረሻው እንጀምራለን፣ መንገዱን ግን አላየነውም። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ትራውት አርባ የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ትራውት የሚመቸው ከ12 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛና ወራጅ ውሃ ነው። ውሃው 20 ሲያልፍ ይታመማል፣ 25 ሲጠጋ ይሞታል። ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ የቆመ ኩሬ ለእሱ ሙቅ ነው። በአገራችን ትራውት የገባው ከኬንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ። ዛሬም እነ ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ ይጠመዳል። ከደሴ በላይ፣ ቦሩ ሜዳና ጉጉፍቱ አካባቢ ብርዱ እንኳ አይጠፋም። በጋ ላይ የማይቋረጥ ውሃ የት አለ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ደግሞም የመጣ ሥጋ በል ዓሣ አምልጦ ወንዝ ከገባ አገር በቀሎቹን አይምርም። ለኮምቦልቻና ለሐይቅ የሚሆነው ሰው የሚያውቀው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ቆሮሶ እንደ ትራውት አይቀብጥም። አልጌም እህልም ይበላል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ፋጉሎ። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን አለው። ፉርሽካ 15 በመቶ ገደማ። ትራውት ከ38 እስከ 45 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። ለሚያድግ ቆሮሶ ከ28 እስከ 30 ይበቃል፤ ጫጩት ሳለ ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል።

ይህችን ይዛችሁ ደምሩ። ፋጉሎ ብቻ ብታበሉ 30 ላይ ናችሁ። ፉርሽካ በጨመራችሁ ቁጥር ትወርዳላችሁ። ግማሽ በግማሽ ብትቀላቅሉት 22.5 ነው። ብዙ ቦታ የሚበላው መኖ ይኸው ግማሽ በግማሽ ነው። ከዚያ "ዓሣው አላድግ አለ" ይባላል። ምን በልቶ ይደግ?

ትራውት ጋ ሲደረስ ሒሳቡ ጭራሽ አይሞላም። ዘይቱ የወጣለት አኩሪ አተር 45 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ሁለት እጅ አኩሪ አተር፣ አንድ እጅ ፋጉሎ ብትሉ 40 ይሆናል። ግን ለዘይት፣ ለቫይታሚን፣ ለማጣበቂያ የቀረ ቦታ የለም። ለዚህ ነው ውጭ አገር እንደ ስንዴ ግሉተን ያለ የተጠራቀመ ፕሮቲን የሚጠቀሙት። እሱ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። ኮምቦልቻ የዱቄት ፋብሪካ አለ ብሎ መጽናናት አይቻልም። ግሉተኑን ከስታርቹ መለየት ራሱን የቻለ ፋብሪካ ይፈልጋል።

ፕሮቲኑ በቁጥር ቢሞላም ገና ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ከአሚኖ አሲዶች ነው። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። አኩሪ አተር ሜታዮኒን ያንሰዋል። አንዱ ካነሰ ሌላው ቢትረፈረፍም ዓሣው አይጠቀምበትም፤ አቃጥሎ በአሞኒያ መልክ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ሁለቱን ማደባለቅ የሚመከረው አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ነው። ትራውት አርቢዎች የጎደለውን በፋብሪካ የተሠራ አሚኖ አሲድ ጣል አድርገው ይዘጉታል። የእፅዋት መኖ ትራውት ላይ የሠራው በዚህ ነው፤ በአኩሪ አተሩ ብቻ ቢሆን ባልሠራ ነበር።

ፋይበሩም አለ። የኑግ ቅርፊት ከእህሉ ጋር ስለሚጨመቅ ፋጉሎው ከአምስት አንድ እጅ የሚጠጋው ፋይበር ነው። ለትራውት ይህ ባዶ ሸክም ነው። ሆዱን ይሞላል፣ ሳይፈጭ ይወጣል። ቆሮሶ ትንሽ ይሻላል። ግን እሱም በሬ አይደለም።

ማመስ

ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር በውስጡ አለ። ትራውት ላይ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። በልቶ ይከሳል። እሳት ግን ይህንን ያጠፋዋል። ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት ባቄላና አተሩ እንደሚታመሰው ሁሉ አኩሪ አተሩም በደንብ መታመስ አለበት። ሳያር መታመስ ግን። ካረረ ላይሲኑ ይጎዳል።

እሳት የማይመልሰው ደግሞ አለ። አኩሪ አተር ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ። ሳልሞንና ትራውት ሲበዛባቸው የታችኛው አንጀታቸው ይቆጣል። ይህንን ያወቁት አኩሪ አተሩን በአልኮል አጥበው ነው የሚጠቀሙት። ቆሮሶ ላይ ይህ ያን ያህል አያሰጋም። ምስጋና ለማይቀብጥ ሆዱ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጓያው ሞልቷል። ባቄላ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው። ታዲያ ለምን አንሰጠውም? እኔ አልሰጥም። ባቄላ ሽሮ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ የሽሮ እህል ዋጋ ስንት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ለዓሣ ባቄላ ሲደፋ ቢታይ ጎረቤቱ ምን ይለዋል? ለዓሣ የሚሆነው ሰው ከበላው የተረፈው ነው። ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የባቄላ ገለፈት፣ የቢራ አተላ። ጓያን በተመለከተ፣ ሰውን ሽባ የሚያደርግ እህል ርካሽ ነው ተብሎ ኩሬ ውስጥ አይጣልም። ግብጦ መልካም ነው፣ ፕሮቲኑም ከባቄላ ይበልጣል። ግን ምሬቱ በውሃ ተደጋግሞ ካልወጣ ዓሣው አፉን አያስጠጋም።

ሻጋታው

ከሁሉ በላይ ልንፈራው የሚገባን ነገር ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ በአሜሪካ ማራቢያዎች ያሉ ትራውቶች በጉበት ካንሰር ማለቅ ጀመሩ። በሽታው ጉድ አሰኘ። ተላላፊ መስሏቸው ነበር። ሲመረመር መንስኤው መኖው ውስጥ የተጨመረ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ፋጉሎው ሻግቶ ነበር፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ፈጥሯል። ትራውት ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ከሆኑ እንስሳት አንዱ ነው። ከቢሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ ሳይንቲስቶች የጉበት ካንሰርን ለማጥናት ራሱ ትራውትን ይጠቀሙ ጀመር።

ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት አዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ የወተት ላሞች ላይ ጥናት ሲደረግ ወተቱ ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ። ዋናው ምንጭ ተብሎ የተለየው የኑግ ፋጉሎ ነው። ይኸው እኛ "አብሽር" የምንልበት ፋጉሎ።

አንድ ነጋዴ መጋዘን ገብታችሁ ፋጉሎ ስትገዙ የሚሆነውን ተመልከቱ። ጆንያው ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ታችኛው ረድፍ ከሲሚንቶው እርጥበት ጠጥቷል። ከላይ ያለው ጥቁርና ደረቅ ነው፤ ነጋዴው የሚያሳያችሁ እሱን ነው። ከታች ያለውን አንዱን ጠፍጣፋ አንስታችሁ ለሁለት ስበሩት። ስብራቱ መሐል ላይ ግራጫ አረንጓዴ፣ ጥጥ የመሰለ ድር ካለ አትግዙ። ድር ባይኖርም ሽታው የመሬት ቤት ሽታ ከሆነ አትግዙ። ዓይን ያላየው መርዝም ስለሚኖር ይህ ምርመራን አይተካም፣ ግን የሚታየውን መጥፎ ዕቃ በሩ ላይ ይመልሳል። ክረምት ላይ በተለይ። ኮምቦልቻ ሙቀቱም እርጥበቱም ለሻጋታ የተመቸ ነው።

ቆሮሶ አፍላቶክሲንን ከትራውት በተሻለ ይችላል። ይህ ግን ማጽናኛ አይሆንም። ትራውት በጉበት ካንሰር ይሞትና ያስታውቃል፣ ቆሮሶ ዝም ብሎ ቀስ ብሎ ያድጋል። አርቢው ዘሩን ይወቅሳል፣ ውሃውን ይወቅሳል። ጆንያውን የሚጠረጥር የለም።

ሌላም አለ። ከትንንሽ መጭመቂያዎች የሚወጣ ፋጉሎ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣለትም። ያ ለዓሣው ጉልበት ነው፣ መልካም። ግን ወር ሲቆይ ዘይቱ ይበላሻል፣ ሽታውም ይለወጣል። ስለዚህ ትኩሱን፣ በትንሽ በትንሹ መግዛት ይሻላል። ዋጋ ሲረክስ አከማቻለሁ ማለት እዚህ አይሠራም።

አተላውና ሐይቁ

ኮምቦልቻ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢራ ፋብሪካ አላት። የቢራ አተላ ከብት አድላቢው ሁሉ የሚሻማበት ነው። ሲደርቅ ከ20 እስከ 25 በመቶ ፕሮቲን አለው። ሲደርቅ የምትለዋ ቃል ትሰመርበት። ከፋብሪካው ሲወጣ ሦስት አራተኛውና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል እርጥብ ጭናችሁ ስታደርቁት የምታገኙት 20 ወይም 25 ኪሎ ነው። የጋሪውን ኪራይ በዚህ አካፍሉት። ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሸራ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በቀን ካልደረቀ ለከብቱ መተው ይሻላል። ፋይበሩም ብዙ ነው። ከመኖው ጥቂት እጅ ቢሆን እንጂ ዋና አይሆንም።

አሁን ስለ አበላል። አብዛኛው ሰው ፉርሽካና ፋጉሎውን በባልዲ በጥብጦ ወይም ደረቁን ዱቄት በእጁ ይበትናል። ዱቄቱ ውሃው ላይ እንደ አቧራ ይዘረጋል። ዓሦቹ ለሁለት ደቂቃ ያህል አፋቸውን ብቅ እያደረጉ ይለቅማሉ። ነፋስ ሲመጣ የቀረው ወደ ዳር ይገፋል፣ ሌላው ይዘቅጣል። በማግስቱ ኩሬው ዳር ላይ ቡናማ ድልህ የመሰለ ነገር ተጋግሮ ታያላችሁ። ያ ገንዘብ ነው። የትራውት አርቢዎች አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት አንድ ኪሎ ከትንሽ መኖ ብቻ የሚያወጡት ሌላ ምሥጢር ስላላቸው አይደለም። መኖው በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ እንክብል ሆኗል። ውሃ ውስጥ አይፈርስም። ስታርቹም በሙቀቱ ስለበሰለ ይፈጫል፤ ትራውት ጥሬ ስታርች ጨርሶ አይስማማውም።

ያንን ማሽን መግዛት አይጠበቅብንም። የሥጋ መፍጫ ይበቃል። የተፈጨውን መኖ ከበሰለ የበቆሎ ወይም የስንዴ ገንፎ ጋር አሽቶ በመፍጫው ማሳለፍ፣ እንደ ፓስታ የሚወጣውን ጥላ ሥር ማድረቅ፣ ቆራርጦ መስጠት። ፋብሪካ የሠራውን አያህልም። ከበተና ግን አይገናኝም።

የብክነቱ ነገር ከኪሳችን አልፎ ሐይቁንም ይነካል። የእህል ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ዓሣ ይህንን መፍታት አይችልም። ስለዚህ በሆዱ ያልፍና ውሃ ውስጥ ይቀራል። እዚያ አልጌ ያፋፋል። ወራጅ ወንዝ ላይ ቢሆን ይዞት ይሄዳል። የሐይቅ ሐይቅ ግን ከላይ መውጫ የሌለው፣ የገባበት ሁሉ የሚቀርበት ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ዳር ቆሞ ውሃውን የሚያይ ሰው ሊያስበው የሚገባው ይህንን ነው። ሐይቁ ውስጥ ዓሣ የሚታጎርበት መረብ ዘርግቶ የእፅዋት መኖ በብዛት መበተን እኔን አያሳምነኝም። ኩሬ ይሁን፣ ውሃውም ወደ ጎመኑና ወደ ሽንኩርቱ ይሂድ። ውጭ አገር ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም መኖው ላይ ይረጫሉ። እኛ ጋ ያለው ርካሽ ዘዴ ማቡካት ነው። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ፋጉሎውን አቡክቶ የሚሞክር ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ምን ይቀላቀል? ለሚያድግ ቆሮሶ እኔ የምጀምረው በዚህ ነው። ከመቶ ኪሎ 35 የኑግ ፋጉሎ፣ 30 ታምሶ የተፈጨ አኩሪ አተር፣ 15 ፉርሽካ፣ 8 ማጣበቂያ የሚሆን ዱቄት፣ 2 የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ፣ 10 ደግሞ የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ዱቄት። ሲደመር 30 በመቶ ፕሮቲን ገደማ ይመጣል። ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው። ፋጉሎው ከመጭመቂያ መጭመቂያ ስለሚለያይ አንዴ ላቦራቶሪ ማየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻዋን አሥር ኪሎ አይታችሁ "የእፅዋት መኖ አላልክም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ብያለሁ። ግን ሐይቅ ከተማ ላይ ቆሮሶ ተሰንጥቆ ሥጋው ሲወጣ የሚሸጠው የዓሣው ሲሶ ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው፣ ጭንቅላቱ፣ አከርካሪው፣ ቆዳው፣ ይጣላል። ውሻና አሞራ ይበላዋል። ይህ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ቢገባ ፋጉሎው ያጎደለውን ላይሲን በከፊል ይሸፍናል፤ ለዓሣውም ጣዕም ይሰጠዋል። ፔሩ ድረስ የሚያስኬድ የለም። የቄራ ደም ፕሮቲኑ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ግን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደም የበላ ዓሣ ሲባል ፊቱን ያዞራል። ገበያ ያጣ ፕሮቲን ምን ያደርጋል?

ዘይቱን በተመለከተ ብዙ አላወራም። የትራውት የኦሜጋ 3 ፍላጎት ተልባ ውስጥ ባለው ዓይነት እንኳ ሊሟላ ይችላል፤ ከመኖው አንድ በመቶ ያህል ይበቃዋል። ሰው ዓሣ የሚበላበት ዋናው ረጅሙ ኦሜጋ 3 ግን በእፅዋት ዘይት ብቻ ባደገ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይቀንሳል። ለቆሮሶ ይህ ከመጀመሪያውም ዋና ጉዳይ አይደለም።

የሌማት ትሩፋት ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ዓሣንም ከወተትና ከእንቁላል ጋር እያነሳ ነው። ኩሬ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ጫጩት ይለቀቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ለአንድ የወጣቶች ማኅበር የሚሰጥ ገንዘብ ካለ ግን እኔ ሁለተኛ ኩሬ አላስቆፍርም። አንድ የሥጋ መፍጫ፣ ሁለት ሸራ፣ ጆንያውን ከሲሚንቶው የሚያነሳ የእንጨት መደርደሪያ፣ ከዚያም የፋጉሎ ናሙና ለምርመራ የሚላክበት ትንሽ በጀት። ኮምቦልቻ ላይ እነዚህን አሟልቶ የጀመረ ማኅበር ካለ፣ ስድስት ወር ቆይቶ የዓሣውን ክብደት ይመዝንና ያሳየን።